በበራችን ላይ ስለሚቸነከረው ሰሌዳ

ኖቬምበር 12

ለክቡር አቶ ፕሬስኮት ሄይዝ
የሄሮን ኮቭ መንደር የዘላቂ ኑሮ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ሄሮን ኮቭ፣ ሜን

ጉዳዩ፦ ቤታችን «የዓመቱ አረንጓዴ ቤት» ተብሎ ስለ መመረጡ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ፣ ደረቅ ካልሲ አድርገው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ለተከበሩት ባለቤትዎና ለኮሚቴው አባላት በሙሉ እንደዚሁ ጤና፣ ሙቀትና ደረቅ ካልሲ እመኛለሁ። ደብዳቤዬን ለእርስዎ ብቻ ልኬ ዝም ማለት ሲገባኝ በፖስታ ቤቱና በዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሰሌዳ ላይ በግልጽ መለጠፌ ድፍረት መስሎ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ፤ በስብሰባዎ ላይ ለአንድ ነዋሪ የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ስለሆነና እኔ ደግሞ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከወንበር ተነሥቼ የምቆም ሰው ስላልሆንሁ ነው።

በኦክቶበር መጨረሻ የጻፉልኝ ደብዳቤ በእኅቴ በኦሊቭ አድራሻ ዞሮ ዞሮ ደርሶኛል። እንደ ገለጹልኝ፣ የእኔና የባለቤቴ የሌንዳል ክራውሊ ቤት ካለፈው ጃንዋሪ ጀምሮ አንዲት ጠብታ ነዳጅ ያላቃጠለ፣ የመብራት ቆጣሪውም ንቅንቅ ያላለ በመሆኑ ከመንደሩ ቤቶች ሁሉ አንደኛ ወጥቷል። በመጪው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የኮሚቴው አባላት መጥተው በበራችን ላይ የነሐስ ሰሌዳ እንደሚቸነክሩ፣ እኔም ለተጋባዦቹ «ፍጆታችንን እንዴት ወደ ዜሮ አወረድነው» በሚል ርዕስ የአምስት ደቂቃ ንግግር እንዳደርግ ጠይቀውኛል። ከሁለት ደቂቃ ወደ አምስት ደቂቃ ከፍ በማለቴ ክብር ይሰማኛል። ሆኖም አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ሰሌዳው በዚያ በር ላይ እንዳይቸነከር። ምክንያቴን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ኮሚቴው ተራ ቁጥር እንደሚወድ በተላኩልን ደንቦች ብዛት ተረድቻለሁና።

1ኛ. በቅድሚያ ኑሮ ስላስተማራችሁን አመሰግናለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ከከተማ መጥታችሁ እዚህ ስትሰፍሩ እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ምን ያህል በጨለማ ውስጥ እንደ ነበርን የተገነዘብነው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በተሰጠው ሥልጠና ላይ ነው። አሠልጣኟ ሦስት ጊዜ የተጣፈ ሱሪ ለብሶ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሌንዳልን አይታ፣ «አባባ፣ ያረጀ ልብስ ከመጣል ይልቅ መጣፍ እንደሚቻል ሰምተው ያውቃሉ?» ብላ በትሕትና ጠየቀችው። ሌንዳል ጉልበቱን ዳበስ አድርጎ፣ «ወሬው ወሬው ደርሶኛል» አላት፤ ከዚያም ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «አርዴላ፣ ቶሎ እንሂድ፤ አለዚያ ሱሪዬን ለማስተማሪያ ይወስዱብኛል» አለኝ። በዚያው ቀን የታደለው መጽሔት ገጽ አራት ላይ ልብስን በገመድ ላይ አስጥቶ በፀሐይ ማድረቅ የሚባል አዲስ ዘዴ በሥዕል ቀርቦ ነበር። በዚያው በጋ ገመዳችን የባሕሩን እይታ ያበላሻል ተብሎ በኮሚቴው ትእዛዝ አውርደነው ስለ ነበር ሥዕሉን በናፍቆት ተመለከትነው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚሉት ተረት ትዝ ቢለኝም በስብሰባው ላይ አላነሣሁትም።

2ኛ. ስለ ባሕር አረሙ።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ቤታችን የሌንዳል አያት የሠሩት ነው። ምድር ቤት የለውም፤ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ ቤት ነውና ከወለሉ ሥር ነፋስ ይገባል። ስለዚህ በየዓመቱ በኖቬምበር፣ የመጀመሪያው ማዕበል የባሕር አረሙን ወደ ዳር ሲጥልልን፣ በእጅ ጋሪ እያመላለስን የቤቱን ግርጌ እስከ መስኮቱ ሥር ድረስ እንከበዋለን፤ እንዳይበተን የጥድ ቅርንጫፍና አሮጌ መረብ እናለብሰዋለን። በጸደይ አንሥተን ድንች መደቡ ላይ እንበትነዋለን። ድንቹን በልተን ኖቬምበር ሲደርስ ደግሞ ማዕበሉ ሌላ ያመጣል። አረሙ በረዶ ሲወርድበት ይደድርና ነፋሱን መልሶ ይሰዳል። ይህን ሁሉ ስናደርግ ዘላቂ ኑሮ እየኖርን መሆናችንን አላወቅንም ነበር፤ እንዳይበርደን ብለን ብቻ ነው የምናደርገው። ላለማወቃችን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ዓመት የወጣው ደንብ ቁጥር ሰባት ግን አረሙ የባሕር ዳር ትንንሽ ፍጥረታት መኖሪያ ስለሆነ ከአሸዋው እንዳይነሣ፣ የየቤቱም መሠረት ለምርመራ ይታይ ዘንድ ከማናቸውም ነገር ነጻ እንዲሆን አዘዘ። ትእዛዙን ለማስፈጸም የኮሚቴው ተቆጣጣሪ መርል ፎክ በዲሴምበር መጀመሪያ፣ እኛ ከብበን ከጨረስን ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ የቅጠል መጥረጊያ ይዞ መጣ። መርል የዚያ ከድልድዩ ማዶ የነበረው የሎብስተር አጥማጅ ልጅ ነው፤ የተወለደበትም ቤት በዚሁ አረም የተከበበ ነበር። ዓይኔን ማየት አቅቶት መሬት መሬት እያየ፣ «እትዬ አርዴላ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ደንብ ነው» አለኝ።

ሌንዳል ከውስጥ ካፖርቱን ደርቦ ወጣና፣ «መርል፣ እናትህ ይሄን ብታይ ምን ትል ነበር?» አለው።

«እናቴ የኮሚቴ አባል አልነበረችማ።»

«እሱስ ልክ ብለሃል። እሷ ይበርዳት ነበር።»

ከዚያ መርል በቅጠል መጥረጊያው ሲጭር፣ ሌንዳል ለጥቂት ጊዜ ቆሞ አየውና ሊታገሠው አልቻለም። የቤቱ ከለላ የሚፈርስበት መሆኑ አይደለም ያናደደው፤ ሥራው በደንብ አለመሠራቱ ነው። «ወዲያ በል! እንዲህ እየጫርክ እስከ ገና አትጨርሰውም» ብሎ ጎተራ ገብቶ መንሹን አመጣለት፤ ከሥሩ እንዴት ገብቶ እንደሚያነሣው አሳየው፤ ከዚያም አንዱን ጎን ራሱ አነሣለት። የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው የቤቱን ልብስ ከተቆጣጣሪው ጋር ተጋግዞ ሲያወልቅ በመስኮት አየሁ። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ሲያፈርሱበት እንኳ ቀጥ አድርገው ያፍርሱ ይላል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ፣ እኛ መጥረቢያውንም እናውሳለን።

አረሙ ወደ አሸዋው ይመለሳል መስሎን ነበር። «የተነካካ ነው» ተብሎ በጭነት መኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ተጉዞ ቆሻሻ መጣያ ገባ። ትንንሾቹ ፍጥረታት ስለ አዲሱ መኖሪያቸው ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

3ኛ. አረሙ በተነሣ በሳምንቱ ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ የያዙ ባለሙያ ልካችሁ ቤታችንን ፎቶ ስላስነሣችሁልን አመሰግናለሁ። ፎቶው ላይ የቤቱ ግርጌ ዙሪያውን ቀይ ሆኖ ይታያል። ባለሙያው ቤቱ ከታች ሙቀት እንደሚያፈስስ ነገሩን። ሌንዳል፣ «ጎበዝ፣ ካሜራህ ደህና ነው፤ እኔ ግን በእግሬ ነው ያወቅሁት» አለው። ኮሚቴው ችግሩን ተረድቶ በአረሙ ፈንታ ከፋብሪካ የሚመጣ የብርድ መከላከያ ሰሌዳ እንዲታዘዝልን ወሰነ። ሰሌዳው በሦስት ድርብ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ በማርች አጋማሽ ደርሷል።

4ኛ. ሌንዳል በጃንዋሪ ዘጠኝ ቀን ዐረፈ።

የወጥ ቤቱ ቧንቧ ከገና በፊት በረዶ ሠርቶ ፈንድቶ ነበር። ምድጃው ቀንና ሌሊት ቢነድድም ከጉልበት በታች ብርድ ነበር። ሌንዳል ኮፍያውን አድርጎ መተኛት ጀመረ፤ «ስነቃ ጀልባ ላይ ነኝ ብዬ ልነሣ እላለሁ» እያለ ይስቅ ነበር። ከዚያ ማሳል ጀመረ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው፣ ሰማንያ አንድ ዓመት ለሳንባ ብዙ ነው አሉኝ። ስለ ባሕር አረም አልጠየቅኋቸውም። ኮሚቴው ገደለው ብዬ አልከስስም፤ ይህን ለማለት ማስረጃም ጉልበትም የለኝም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ በዚያ ቤት አብረን ሃምሳ አራት የበረዶ ወቅት አሳልፈናል፤ ሃምሳ ሦስቱን ቤቱ በአረም ተከቦ ነበር።

ኮሚቴው የላከልኝን የሐዘን መግለጫ ካርድ ተቀብያለሁ። ካርዱ ውስጥ ዘር እንዳለበትና መሬት ውስጥ ቢቀበር አበባ እንደሚያወጣ ከጀርባው ተጽፏል። ለመቅበር ሞክሬ ነበር፤ ግን ጃንዋሪ ስለ ነበር መሬቱ አልቆፈር አለኝ። የሌንዳልም ሣጥን መሬቱ እስኪለሰልስ እስከ ኤፕሪል ድረስ በመቃብር ስፍራው ዕቃ ቤት ተቀምጧል። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ቀበርኋቸው። አንዳቸውም አልበቀሉም።

ሐዘኑን ጠንክራ ችላዋለች እያሉ ሰዎች እንደሚያደንቁኝ እሰማለሁ። ጥንካሬ አይደለም። በማርች ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ፣ ሌንዳልና እኔ የሚበላ ዛጎል ስንቆፍር፣ ጣቶቻችን ይደነዝዙ ነበር። የደነዘዘ ጣት አያምም፤ ቢቆረጥም አያውቅም። የሚያምመው ቤት ገብተው ምድጃ ዳር ሲቀመጡ ነው። እኔ ደግሞ በጃንዋሪ፣ ከሽኝቱ ጸሎት ማግስት፣ ቤቱን ዘግቼ እኅቴ ዘንድ ሄድሁ፤ አሥር ወር ሙሉ ምድጃዬን አላየሁትም። አልተናደድሁም፤ አላለቀስሁም። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ እንኳ መጀመሪያ ያሰብሁት ቆጣሪው ባለመበላሸቱ ደስ እንደሚል ነው።

5ኛ. ስለ ሽልማቱ ፍትሐዊነት አንድ አስተያየት አለኝ። ቤታችን ያላቃጠለው በውስጡ ሰው ስለሌለ ነው። በኮሚቴው መለኪያ መሠረት ከሆነ ደግሞ እኔ ለአንደኝነት አልበቃም፤ እኅቴ ቤት ሆኜ ሻይ አፍልቻለሁ፣ መብራት አብርቻለሁ፣ አንድ ጊዜም በሙቅ ውሃ ገላዬን ታጥቤአለሁ። ሌንዳል ግን ከጃንዋሪ ወዲህ አንድም ነገር አልተጠቀመም፤ ቆሻሻ አልጣለም፤ የማንንም እይታ አልጋረደም፤ ደንብ ቁጥር ሰባትንም በሚገባ ያከብራል። ስለዚህ የነሐስ ሰሌዳው መቸንከር ካለበት የሚገባው ለእሱ ነው። ድንጋዩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ለጎብኚዎችም ይመቻል፤ ሁልጊዜ ክፍት ነው። «ፍጆታችንን እንዴት ወደ ዜሮ አወረድነው» ለሚለው የአምስት ደቂቃ ንግግርም መልሱ ያው አጭር ስለሆነ፣ የተረፈውን አራት ደቂቃ ተኩል ለኮሚቴው በአክብሮት እመልሳለሁ።

ጉልበቴ ቢታጠፍልኝ እስከ መሬት ድረስ እጅ እየነሣሁ፣ ለመንደራችን አየር፣ ለትንንሾቹ ፍጥረታትና ለባሕሩ እይታ ስላደረጋችሁት ሁሉ ምስጋናዬ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው የሚታይ፣ ከማናቸውም ነገር ነጻ የሆነ መሆኑን አረጋግጣለሁ።

የተሸላሚው ቤት ባለቤት
አርዴላ ክራውሊ

ግልባጭ፦
— ለዓሣ አጥማጆች ማኅበር፣ በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ
— ለመርል ፎክ፣ መንሹ ጎተራ ውስጥ በቦታው መኖሩን እንዲያውቀው
— ለባሕሩ፣ አረሙን በየዓመቱ ያለ ስብሰባ ስለሚልክልን

ማስታወሻ፦ ይህን ከጻፍሁ በኋላ የሚከተለውን ማሳወቅ ግዴታዬ ሆኖ ተገኝቷል። ትናንት ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። የዘንድሮው ማዕበል አረሙን ማክሰኞ ጥሎልን ስለ ነበር፣ ቤቱ አሁን እስከ መስኮቱ ሥር ድረስ ተከቧል። የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ይህን ሁሉ ጋሪ ብቻዋን እንደማትጎትት ለኮሚቴው ግልጽ ነው። ማን እንደ ረዳኝ አልናገርም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ግን የተቆጣጣሪዎን ቦት ጫማ ቢያሸቱ ባሕር ባሕር ይላል። ቆጣሪው እየዞረ፣ ምድጃውም እየነደደ ስለሆነ አንደኝነታችንን አጥተናል። ቅዳሜ ሰሌዳውን ይዘው ከመጡ ከመቸንከርዎ በፊት ያንኳኩ፤ ሰው አለ። ይህንንም የምጽፍልዎ ምድጃው ዳር ተቀምጬ ነው። ማመም ጀምሯል።