በስምህ አቤት ያልኩበት ሰኞ

ውድ ሽማግሌ፣

ይህን ደብዳቤ የት እንደምልከው አላውቅም። ፖስታ ቤት ሄጄ «ለሞተ ሰው የሚለጠፍ ቴምብር አላችሁ?» ብዬ ልጠይቅ አስቤ ነበር። በመስኮቱ ያለችውን ሴትዮ ታውቃታለህ፣ ዓይኗን እንኳ ሳታነሳ «ከምሳ በኋላ ና» ትለኛለች ብዬ ተውኩት። ስለዚህ እንዲሁ እጽፋለሁ፤ ያገኘው ያንብበው። አንተም ካለህበት አንገትህን አስግገህ እይ። ድሮ በትከሻህ ላይ አስግጌ ደብተርህን ስገለብጥ የኖርኩት እኔ ነበርኩ፤ አሁን ተራው ያንተ ነው።

ክረምቱ ወጣ፣ ትምህርት ተከፈተ። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም እንደ ልማዱ ወላጁንና የሰፈሩን ሰው አዳራሽ ሰብስቦ የዓመቱን መግለጫ ሰጠ። እኔና አንተ ከዚያ ስብሰባ ቀርተን እናውቃለን? ወላጅ ሆነን አይደለም፣ ለብስኩቱ ነው። ደግሞም ለኃላፊው። ሰውየውን «አቶ በቅርቡ» ያልከው አንተ ነህ፤ ተግሣጹን የተቀበልኩት ግን እኔ ነኝ። ፊትህ የመልአክ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርህም ነበር።

ዘንድሮ ብቻዬን ከኋላ ተቀመጥኩ። ብስኩቱ አለ። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ «ተይዟል» አልኩት። ለምን እንዳልኩ አትጠይቀኝ።

አቶ በቅርቡ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ በቅርቡ ይጠገናል። ለመጸዳጃ ቤቱ ውሃ በቅርቡ ይገባል። የሳይንስ መምህር በቅርቡ ይመደባል። እኔም ከኋላ «እኛም በቅርቡ እናረጃለን» አልኩ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሳቋን በነጠላዋ ከለለች። ዞሬ ፊትህን ልይ አልኩ። ወንበሩ ነው ያለው።

ከዚያ ሰውየው ወረቀቱን ገለበጠና ድምፁ ተለወጠ። የኛ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ተማሪው አንሷል አለ። ሰኞ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ይቆጥራል፤ አንድ ሰው እንኳ ቢጎድል ክፍሉ ተዘግቶ ልጆቹ ከአውራ ጎዳናው ማዶ ወዳለው ትልቁ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ሰኞ! ሰውየው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን ቆረጠ፤ እሱም ለመዝጋት ሆነ።

እናትህ ተነሳች። እንደምታውቃት በሰው ፊት የምትናገር ሴት አይደለችም። ወንበሩን በአንድ እጇ ይዛ ነው የተናገረችው።

«ወንዱን ሐኪም ቤት ሳመላልሰው ኖሬ አጣሁት። ሴቷን ደግሞ በዚያ መኪና በሚበርበት መንገድ ሰድጄ እስክትመለስ የምጠብቅበት ልብ የለኝም። ክፍሉ ከተዘጋ ልጄ ቤቷ ትቀመጣለች። በቃ።»

«ስሜትዎን እንረዳለን፣ እናት» አለ አቶ በቅርቡ።

«ስሜቴን ተወው፤ ክፍሉን አትዝጋው።»

እህትህን ፈልጌ አየኋት። ለነዳፊ ምላሷ ተርብ ያልካት ያቺ ልጅ አንገቷን ደፍታለች። የወንበሩን ቀለም በጥፍሯ ትፍቅ ነበር። እንዲህ ዝም ስትል ያየኋት አንተን የቀበርን ዕለት ብቻ ነው።

የጎደለውን አንድ ሰው እንግዲህ ታውቀዋለህ። አንተ ነህ። ትምህርት ሳይዘጋ፣ ከንፈርህ ጠቁሮ፣ ሰልፍ ላይ ቆመህ ለዘጠነኛ ተመዘገብክ። ሕመሙ ዓመት በዓመት ላይ ሲበላብህ እህትህ ደርሳብህ፣ «ወንድሜን ልቀድመው ነው» እያለች ስታሾፍብህ፣ አንተ ደግሞ «እኩል እንገባለን» ስትላት ሰምቻለሁ። ያን ቀን ወደምሠራበት ጎሚስታ ቤት መጥተህ «ተመዘገብኩ» አልከኝ። እኔ ጎማ እየነፋሁ «የሽማግሌዎች ክፍል አለ እንዴ?» አልኩህ። ስትስቅ ሳል አቋረጠህ። ከቀልዶቼ ሁሉ የመጨረሻው ይህ እንደሚሆን ባውቅ ኖሮ የተሻለ አዘጋጅ ነበር።

ሽማግሌ ያልንህ ወደ ትምህርት ቤት በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ሁላችን እየሮጥን ስንወጣ አንተ መሃል ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርሰህ ቁጭ ትላለህ። «ተነስ ሽማግሌ፣ ከዘራ ላምጣልህ?» እልሃለሁ። ልብህ እንደሆነ ማን ነግሮን! አንተም አልነገርከንም። «እናንተ ውጡ፤ እኔ አገር አይቼ እመጣለሁ» ትላለህ። እኔ እሮጥና ክፍል እገባለሁ። ስምህ ሲጠራ፣ ያቺን ቀስ ያለች፣ በአፍንጫህ የምትወጣ ድምፅህን አስመስዬ «አቤት» እልልሃለሁ። የሒሳብ መምህሩ አንገቱን ወረቀቱ ውስጥ ስለሚቀብር አንድ ቀንም ነቅቶብን አያውቅም። ስትገባ «አለሁ እንዴ?» ትለኛለህ በሹክሹክታ። «አለህ፣ ተቀመጥ» እልሃለሁ።

ስምንተኛን እንደ ምንም አልፌ፣ ትምህርት ትቼ ጎሚስታ ቤት ስገባ ከኔ በኋላ ማን አቤት እንደሚልልህ ጠይቄህ አላውቅም። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ሰኞ ጠዋት የድሮ የዩኒፎርም ሹራቤን አውጥቼ ለበስኩ። እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፦ የመጨረሻው ወንበር ላይ ገብቼ እቀመጣለሁ፣ ሰውየው ራስ ቆጥሮ ይሄዳል፣ እኔም ወደ ጎማዬ። ክፍል ስገባ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ተርብ ዞራ አየችኝ።

«አንተ ቸርኬ፣ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ልማር ነዋ!»

«ሹራብህ ሲያጥር እውቀትህ ረዘመ?»

ደስ አለኝ። ምላሷ ተመልሶላት ነበር።

ሱፐርቫይዘሩ ከዳይሬክተሩ ጋር ገባ። ራስ አልቆጠረም። ወረቀት አውጥቶ ስም መጥራት ጀመረ። ልጆቹ አቤት፣ አቤት ይላሉ። እኔ በየትኛው በር እንደምወጣ ሳሰላ ስምህን ጠራው።

ማንም አልሰረዘህም ነበር። ዳይሬክተሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። የተርብ ጀርባ ቀጥ ብሎ ደረቀ። ሱፐርቫይዘሩ ቀና ብሎ ደገመው፤ ስምህን፣ የአባትህንም ስም ጨምሮ።

«አቤት» አልኩ።

በኔ ድምፅ አይደለም ያልኩት። አስቤበትም አይደለም። ምላሴ ራሱ ነው ያንን ዳገት የወጣው።

ሰውየው አየኝ። «ጢም አብቅለሃል እኮ አንተ።»

«ትምህርት ያስረጃል፣ ጋሼ።»

ፈገግ ብሎ ምልክት አደረገና ቀጠለ። ክፍሉ ሞላ፤ አይዘጋም ተባለ። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ስሠራ ክፍሉ በሳቅ ይናጋ ነበር። ያን ቀን አንድም ሰው አልሳቀም። ተርብ ዕቃዋን ሰብስባ በአጠገቤ አለፈች፤ አልሰደበችኝም። ከስድቧ ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ከሰዓት በኋላ የተበሳ ላስቲክ ሳፋ ውስጥ ነክሬ አረፋ የሚወጣበትን ስፈልግ፣ ውሃው ላይ የሴት ጥላ አረፈ። እናትህ ናት። ጌታዬ ጎሚስታው አይቷት መፍቻውን አስቀመጠና ሥራ እንዳለው ሰው ወደ ጓሮ ሄደ።

«ስሙን ጠሩት አሉ» አለችኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«አቤት አልክ?»

«አልኩ።»

በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጉንጬን አመቻቸሁ። እሷ ግን የደንበኛ መቀመጫው ላይ ቁጭ አለች።

«በሱ ድምፅ ነው አለችኝ ልጅቷ።»

ላስቲኩን ውሃው ውስጥ አገላበጥኩ።

«እስቲ በለው። አንድ ጊዜ።»

ሽማግሌ፣ እኔ የአቶ በቅርቡን ድምፅ እችላለሁ። የዳይሬክተሩን፣ የጎሚስታውን፣ የፖስታ ቤቷን ሴትዮ እችላለሁ። የፍየል እንኳ እችላለሁ። እናትህ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ስትጠብቅ ግን አፌ ተከፍቶ ምንም አልወጣም። ላስቲኩን ውሃ ውስጥ እንደያዝኩ ቀረሁ።

«አየህ፣» አለች፣ «ለሰውየው ቻልክበት፣ ለኔ አልቻልክበትም። ልጄ ስለሌለ ነው።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ደግ ልታደርግ እንደሆነ አውቃለሁ። ከሱ ጋር የበላህ ልጅ ነህ፣ አልቀየምህም። ግን ልጅቷ በሞተ ወንድሟ ስም በተያዘ ክፍል አትማርም። እሱን አትቀስቅሱብኝ። ስሙን ተዉለት፣ ይረፍበት።»

«ታዲያ ክፍሉ ይዘጋል እኮ፣ እትዬ።»

«አንተ ስም የለህም?»

«አለኝ።»

«በሱ አቤት በላ!»

«እኔና ትምህርት እኮ ተለያይተናል፤ ሽማግሌ ቢላክም አንታረቅ።»

«የሰው ጎማ ስትነፋ ውለህ ራስህ ተንፍሰህ ታድራለህ» አለችና ተነሳች። ትንሽ ሄዳ ዞረች። «ሹራብ አለ። የሱ። እጅጌው ይደርስሃል።»

«አይ፣ እትዬ። እሱንም ይተዉለት፣ ይረፍበት።»

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። እውነቱን ተናግሬ ሳልጨርስ «እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለኝ። ሱፐርቫይዘሩ ተጠርቶ መጣ። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ትናንት አንዱ ነበርክ፣ ዛሬ ሌላ ነኝ አልክ። ነገ ማን ልትሆን ነው?»

«ተማሪ፣ ጋሼ።»

አልሳቀም። ስምህን በመስመር ሰረዘ። ቀጭን መስመር ናት። ከሥር የኔን ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን ወደ እኔ አነጣጥሮ፣ ከዚህ ክፍል ዓመቱ ሳያልቅ አንድ ሰው ቢያቋርጥ ያው እንደሚዘጋ ነገረኝ። አንድ ሰው ሲል ማንን እንደሚያይ ገባኝ። ሲቀልድ የኖረ ሰው ራሱ ባጠመደው ወጥመድ ገባ በልና ሳቅ፤ ፈቅጄልሃለሁ።

ጎሚስታው ጠዋት ተማር፣ ከሰዓት ሥራ ብሎኛል። አልጀብራን ግን እንደ ጎማ መለጠፍ አልቻልኩም፤ በአንዱ በኩል ስደፍነው በሌላው ይተነፍሳል። ተርብ ታስረዳኛለች፣ በየመሃሉ እየነደፈችኝ። «ወንድሜ ይህን በተኛበት ይሠራው ነበር» ትለኛለች። አውቃለሁ፣ እኔም በተኛሁበት እገለብጠው ነበር እላታለሁ። ስላንተ ማውራት የጀመርነው እንዲህ ነው። እናትህ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ እስክንታጠፍ ታየናለች፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

የተቀመጥኩት መስኮቱ ጋ ነው። አብረን ስንማር አንተ ትቀመጥበት የነበረውን ጎን አልነካሁትም፤ ደብተሬ ብቻ አልፎ አልፎ ድንበር ይጥሳል። ስም ሲጠራ ካንተ በፊት የነበረው ልጅ አቤት ይላል፣ ቀጥሎ ካንተ በኋላ የነበረችው። መሃሉ ላይ ምንም የለም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ። የኔ መጨረሻ ላይ ይመጣል። የመጀመሪያ ቀን አቤት ስል ድምፄ ተሰነጠቀ፤ የራሴን ድምፅ ለካ ብዙ አልተጠቀምኩበትም።

እነሆ ቃሌ፦ ዓመቱን እጨርሳለሁ። ወድቄም ቢሆን እጨርሳለሁ። በስምህም ዳግመኛ አልናገርም።

አንድ ነገር ብቻ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ያንተ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። አልደከመኝም፣ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ተርብ ትታኝ ታልፍ ነበር። አሁን እሷም ቦርሳዋን አውርዳ ትቀመጣለች፤ አንናገርም፣ አገር እናያለን። እውነትህን ነው፣ ከዚያ ላይ ሁሉ ነገር ይታያል። ችግሩ እየዘገየን ነው። ሮጦ ቀድሞን የሚገባልን የለም። አንተ እንደሆንክ ስምህ ተሰርዟል፣ ሥራ የለህም። አንድ ቀን ሳንደርስ ስማችን ከተጠራ፣ እባክህ አቤት በልልን።

ባለ ዕዳህ ወንድምህ፣
ቸርኬ