በመጋዘን ስለ ተቆለፈው ሐርና በወርቅማ ሣጥን ስለ ቀረበው ጥጥ

ለተከበሩ ኡስታዝ ፋክሪ ዘህራን፣
የወረዳችን ትምህርት አስተዳደር የበላይ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ከክፍላችን ሲወጡ ፊትዎ እንደ በሰለ ሮማን ቀልቶ ስላየሁት፣ የደም ግፊትዎ ነገር ሲያሳስበኝ ሰንብቷል። አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን፤ ወንበርዎንም ያጽናልዎ። ከዚያ ወንበር ቢነሱ ሌላ ምን ሥራ ሊሠሩ እንደሚችሉ ብዙ አስቤ መልስ ያጣሁለት ጉዳይ ነውና፣ ጸሎቴ ከልብ ነው።

ፊርማዎን እንጂ የፈረሙበትን የማስታወስ ልማድ ስለሌለዎ ራሴን ላስተዋውቅ። በከፍር ዓይያድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ የነበርኩት፣ በእርስዎ ትእዛዝ ደግሞ ካለፈው እሑድ ጀምሮ የዚያው ትምህርት ቤት የመጋዘን ጠባቂ የሆንኩት ዊጅዳን ሻራቢ ነኝ። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ ገመናዎን ላወጣ ፈልጌ አይደለም። በታሸገ ፖስታ የላክሁልዎ ሦስት ደብዳቤዎች በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ አራተኛው ቢያንስ አንባቢ እንዲያገኝ ብዬ ነው።

ስለ መጋዘኑ አላማርርም፤ ወንበሮቹ ተሰባብረዋል እንጂ አይዋሹም። የምጽፈው ስለ ሳግዳ ነው። የፊታችን እሑድ ጠዋት፣ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት፣ ይህች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማይክሮፎን ፊት ቆማ «ዋሽቻለሁ» እንድትል ወስነዋል። ካላለች ደግሞ «የአእምሮ ዝግመት ይታይባታል» ተብሎ ከተማ ወዳለው ልዩ ትምህርት ቤት እንድትዛወር አዝዘዋል። ልጅቷ እንዳልዋሸች ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ጥጡን ያስገዙት እርስዎ ነዎትና። ስለዚህ ቀሪዎቹ አንባቢዎች እንዲረዱት፣ «የትምህርትና የእንቅስቃሴ ሳምንት» ብለው የሰየሙት ያ ሳምንት በክፍላችን እንዴት እንዳለፈ፣ ለያንዳንዱ ውለታዎ ምስጋና እያቀረብሁ እዘረዝራለሁ።

፩. ስለ መመሪያው አመሰግናለሁ። እሑድ ጠዋት የደረሰን ባለ አሥራ አንድ ገጽ መመሪያ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነበር። «ፎቶግራፍ» የሚለው ቃል ሠላሳ አራት ጊዜ ተጽፏል፤ «ልጆች» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ፤ ሁለቱም ጊዜ «ልጆች እንዳይነኩ» በሚል ነው። እኛ ግን ቀድመን የሚነካ ነገር ጀምረን ነበር። እዚህ አገር ጸደይ ሲገባ በጫማ ካርቶን የሐር ትል ያላሳደገ ልጅ የለም፤ እርስዎም ልጅ ከነበሩ፣ ነበሩ ብዬ ልገምትና፣ አሳድገዋል። ሦስተኛ ክፍሎች በየካርቶናቸው ያመጧቸውን ትሎች በመስኮቱ ሥር ደርድረን አንድ ወር ስንቀልብ ቆይተናል። ርዝመታቸውን በማስመሪያ ለክተናል፣ ስንት ቅጠል እንደሚበሉ ጽፈናል፣ ቆዳቸውን ሲቀይሩ ትንፋሻችንን ውጠን አይተናል። ጥቂቶቹ ቀድመው ጎጆአቸውን ፈትለው ገብተውበት ነበር። የቀሩት በዚያ ሳምንት ሊፈትሉ ሲሉ፣ ማለትም በዕድሜአቸው ሁሉ አብዝተው የሚበሉበት ሰዓት ላይ፣ የእርስዎ ሳምንት ደረሰ።

፪. ስለ ዛፉ እጅግ አመሰግናለሁ። የሐር ትል ቱት ከሚባለው ዛፍ ቅጠል በቀር ሌላ አይበላም፤ የቱት ዛፋችን ደግሞ በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ፣ እኔም እናቴም ፍሬውን እየበላን ያደግንበት ነበር። ሰኞ ስገባ ጉቶ ሆኖ ጠበቀኝ። ጉቶውም ለእንግዳ እንዲያምር ኖራ ተቀብቷል። የትምህርት ቤታችንን ጥበቃ፣ ሁላችንም እንደ አጎት ዓም የምንለውን መትዋሊን፣ ምን ሆነ ብዬ ስጠይቀው፣ መጥረጊያውን ተደግፎ እንዲህ አለኝ፦ «አብላ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሰውየው የመፈክሩ ጨርቅ ከመንገድ ይታይ አለ፤ ዛፉ ጨርቁን ሸፈነው። ከሁለቱ አንዱ መውደቅ ነበረበት። ጨርቁ የኃላፊው ስም አለበት፤ ዛፉ የማንም ስም የለበትም።» ቀና ብዬ ጨርቁን አነበብሁ። «አካባቢያችንን እንወቅ፣ ዛፎቻችንን እንንከባከብ፤ በኡስታዝ ፋክሪ ዘህራን የበላይ ጠባቂነት» ይላል። ስምዎ ከዛፉ ግንድ ይወፍራል። ለአርባ አንድ ልጆች ስላቅ ምን እንደሆነ እንዴት አድርጌ ላስተምር እያልሁ ስጨነቅ ነበርና፣ ድካሜን ስላቀለሉልኝ ባለ ውለታዬ ነዎት።

ማክሰኞ ትሎቹ አልሞቱም፤ ይህ ግን የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ የሚችሉትን አድርገዋል። ልጆቹ ከቦዩ ዳር፣ ከአጎቶቻቸው እርሻ ድንበር፣ አንዱም ከመስጊዱ ጓሮ፣ በደብተር መያዣቸው ቅጠል ሞልተው መጡ። የሳግዳ አባት የባለ ሦስት እግር ቱክቱክ ነጂ ነው። ከጎረቤት መንደር አንድ ኬሻ ሙሉ አምጥቶ በሩ ላይ ሲያወርድ፣ «አብላ፣ ይሄ የናንተ ትል ከኔ ቱክቱክ በላይ በላተኛ ነው፤ እሷ እንኳ ማታ ማታ ታርፋለች» ብሎ አሳቀን። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔይቱስ? ትናገራለች ወይ?» አለኝ። አልዋሸሁትም፤ ገና ናት አልሁት። ሳግዳ ስትናገር ይይዛታል። አንደኛ ክፍል ሳለች ስለሳቁባት አፏን ዘግታ ሁለት ዓመት በጣቷ ብቻ ስትመልስ ኖራለች፤ ሒሳብ በጣት ይመለሳልና ከሁሉ የምትበልጠው በሒሳብ ነው።

፫. ረቡዕ ስለላኩልን ተቆጣጣሪም አመሰግናለሁ። በዚያን ቀን ቀድመው ከተፈተሉት ጎጆዎች ውስጥ ትሉ የሞተበትን አንዱን መርጠን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከርን። የክሩ ጫፍ ሲገኝ ለሳግዳ ሰጠናትና ጎጆውን ሳህኑ ውስጥ ትተን ክሩን በግቢው ዙሪያ መሳብ ጀመርን። አንድ ዙር በልጅ እርምጃ መቶ አርባ ነው። ክሩ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩን በባዶ ግቢ ባዶ እጃችንን ዘርግተን የምንዞር እብዶች እንመስል ነበር። ስድስተኛው ዙር ላይ ነፋስ መጣ፤ ልጆቹ ሁሉ «ተበጠሰ! ተበጠሰ!» ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ ከፊት አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ የማን እንደሆነ ያላወቅሁት፦ «አ... አልተበጠሰም! እጄ ላይ አለ!» ከኋላ አንዱ፣ «ወላሂ ሳግዳ ናት!» አለ፤ ማንም አልሳቀም። ክሩ ከስድስት ዙር ተኩል በኋላ ሲያልቅ መልሱን ራሷ በአፏ ነገረችን፤ ዘጠኝ መቶ አሥር እርምጃ። ወደ ክፍል ስንመለስ ተቆጣጣሪዎ በመዝገቤ ላይ በቀይ ቀለም «ክፍሉ ባዶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ትምህርት የለም» ብሎ ጽፎ ሄዷል። የእጅ ጽሑፉ ያማረ ነው፤ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ።

፬. ሐሙስ። ለሐሙስ ምስጋና ቃል የለኝም፤ ቢሆንም እሞክራለሁ።

ሳምንቱን ሊጎበኙ የተጠበቁት እንግዳ ከጠቅላይ ግዛቱ በአራት ሰዓት ሊደርሱ፣ እርስዎ በሁለት ሰዓት ደረሱ። ካርቶኖቻችንን አዩ፤ አንዱ የጫማ፣ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የብስኩት። ጎጆዎቹ እንደ አላህ ፈቃድ ቢጫ ናቸው፤ ከሥራቸው ቅጠልና ኩስ አለ። አፍንጫዎን በመሐረብ ይዘው፣ «ይሄ ምን ጉድ ነው? ሐር ነጭ አይደለም እንዴ? ይሄ ለፎቶ ይሆናል?» አሉ። ከዚያም አንድ ወር የለፋንባቸው ካርቶኖች መጋዘን ገብተው እንዲቆለፉባቸው አዘዙ። በምትካቸው ሾፌርዎ ከፋርማሲ የተጠቀለለ ጥጥ ገዝቶ መጣ። እርስዎ በራስዎ ጣት እያድበለበሉ በአሥራ ሁለት ወርቅማ ሣጥን አስቀመጡት። ክቡር ሆይ፣ በአገልግሎት ዘመንዎ ሁሉ በእጅዎ ሲሠሩ ያየሁዎ ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ትዕይንቱን አልረሳውም። እውነተኛው ሐር ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ተቆልፎበት፣ የትምህርት ሳምንት በጥጥ የሚያከብር ሰው አላህ ሁለተኛ ይፍጠር አይፍጠር አላውቅም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ላሚቱን በረት ቆልፎ ኩበት ከሱቅ የሚገዛ ግን አዲስ ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ለጥበብዎ ልዩ ምስጋና ይገባል። ከልጆቹ አንዱ እንዳይዘባርቅ ሠግተው፣ «ከነዚህ ውስጥ የማትናገረው የቷ ናት?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹም በየዋህነት አሳዩዎ። ሳግዳን ከመጨረሻው ወንበር አንስተው ከወርቅማዎቹ ሣጥኖች ፊት ያቆሟት እርስዎ ነዎት፤ ፀጉሯንም ዳበስ አድርገው «ጎበዝ፣ እንዲሁ ዝም» አሏት።

እንግዳው ገቡ። ጎንበስ ብለው፣ «ማሻአላህ! አንቺ ቆንጆ፣ ይኼን ሁሉ የሠራችሁት እናንተ ናችሁ?» አሏት። ሳግዳም ጊዜ ወስዳ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ጥ... ጥጥ ነው፣ ዓሞ። ከፋርማሲ ነው። የኛ መጋዘን ነው ያለው» አለች። እንግዳው አንዱን አንስተው በጣታቸው ቆነጠሩት፤ ተበተነ። ከበሩ ውጭ ዓም መትዋሊ የሳቀውን ሳቅ በሳል ሊሸፍን ሲሞክር ሁላችንም ሰማን። እርስዎም የዚያን ጊዜ ጣትዎን ወደ ግንባርዎ ወስደው እያዞሩ፣ «ይቅርታ ክቡር፣ ልጅቷ ትንሽ... ጤና የላትም፣ አእምሮዋ...» አሉ። አርባ ልጆች ሰሙ። እሷም ሰማች። ሁለት ዓመት ጠብቀን ያገኘነውን ድምፅ በአንድ ጣት መልሰው ወሰዱት፤ ከሐሙስ ወዲህ ሳግዳ አንድ ቃል አልተናገረችም።

፭. በመጨረሻም ስለ ቸርነትዎ። ሰኞ በሾፌርዎ እጅ የላኩልኝ ወረቀት ከፊቴ ነው። «በሣጥኖቹ ውስጥ የነበረው የሐር ጎጆ መሆኑን፣ ተማሪዋም በስሕተት መናገሯን አረጋግጣለሁ» ይላል። ከፈረምሁ ወደ ክፍሌ እንደምመለስ፣ ልጅቷም በሰልፍ ላይ ይቅርታ ከጠየቀች እዚሁ ትምህርት ቤት እንደምትቆይ ሾፌርዎ በቃል ነገረኝ፤ «አብላ፣ አንድ ፊርማ ናት፤ ምን ያስቸግርሻል?» አለኝ። አያስቸግረኝም ነበር። ችግሩ ወረቀቱን ማንበቤ ነው፤ ይህንንም ልማድ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት አልተማርሁትም።

አልፈርምም። ነገር ግን እልኸኛ ተብዬ እንዳልከሰስ አንድ ሐሳብ በትሕትና አቀርባለሁ። የፊታችን እሑድ፣ መዝሙሩ እንዳለቀ፣ በተሰለፉት ሁሉ ፊት አንድ ሳህን ሙቅ ውሃ አቀርባለሁ፤ ዓም መትዋሊ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሊያውሰኝ ቃል ገብቷል። እርስዎ ከወርቅማ ሣጥንዎ አንዱን ይንከሩ። ሳግዳ ትሉ ከሞተባቸው ጎጆዎች አንዱን ትነክራለች። ከእርስዎው ውስጥ፣ ያለ እንዝርት፣ አንድ ስንዝር ክር ተስቦ ከወጣ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሜ «ዋሽቻለሁ» የምለው እኔ ነኝ፤ ከመጋዘኑም ወደ ፈለጉበት ይላኩኝ። ካልወጣ ግን የልጅቷን የዝውውር ወረቀት ይቅደዱ፤ ከእርስዎ የምትሰማው ይቅርታም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን፣ ረጅም ንግግርዎን እናውቀዋለንና። እርስዎ ባይመጡም ሳህኑ ይቀርባል፤ ውሃው ሥልጣን አያውቅም። አባቷም በቱክቱኩ የመንደሩን ሰው ሲያመላልስ እንደሚያረፍድ ነግሮኛል።

ጤናዎን፣ ዕድሜዎንና የፎቶግራፍ ሠራተኛዎን አላህ እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ፣ ካስተማሩኝ ነገር ሁሉ ማድረግ የሌለብኝን በትጋት እየመዘገብሁ፣ በሙሉ አክብሮት ከተሰበሩት ወንበሮች መካከል እጅ የምነሳ፤

ዊጅዳን ሻራቢ
የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ፣ በእርስዎ ፈቃድ የመጋዘን ጠባቂ
ከፍር ዓይያድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መጋዘን ጠባቂ ካደረጉኝ በአደራዬ ሥር ስላለው ንብረት ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። ዛሬ ጠዋት ቀድመው ከተፈተሉት ጎጆዎች ሁለት ነጭ ቢራቢሮዎች ወጥተዋል። ለእንቁላላቸው የመረጡት ቦታ ከእንግዳው በኋላ ተጠቅልሎ የገባው ጨርቅዎ ነው፤ ከ«ፋክሪ» ጀምረው እስከ «የበላይ ጠባቂነት» ድረስ አጣብቀውታል፤ አይለቅም። በሚመጣው ጸደይ ሲፈለፈሉ ቅጠል ስለ መጠየቃቸውም አይጨነቁ። ዓም መትዋሊ የጉቶው ኖራ ተሰንጥቆ ሦስት ቀንበጥ መውጣቱን አይቶ፣ «አብላ፣ ምን ላድርገው?» ብሎ መጣ። የማንም ስም የለበትም ማለቱ ትዝ ስላለኝ፣ ሦስተኛ ክፍሎች በእረፍት ሰዓት በመጋዘኑ መስኮት ሲመጡ ስም እንዲያወጡለት ጠየቅኋቸው። አውጥተው ጉቶው ላይ ጽፈውታል። መቁረጫ ይዘው ሲመጡ አስቀድመው ያንብቡት፤ የእርስዎ አይደለም።