«ለውጥ የለም» ብለን በመጻፋችን ስለታገደችው መኪናችን

ለተከበሩ የፌዴራል የጭነት ማመላለሻ ድርጅቶች ምዝገባ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ሁልጊዜ ምሳ የወጣ ሰው መሳቢያ ውስጥ ለሚቆለፈው ማኅተምዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

እኔ አንዲት የጭነት መኪና ብቻ ያላት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ፤ ፀሐፊዋም ጽዳቷም እኔው ነኝ። ሾፌሩ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድም ጋሼ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ የራሱን መሪ ከጨበጠ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። ፈቃዳችን በመታገዱ ግን መኪናችን ይኸው አርባ ሦስት ቀን በራችን ላይ ተገትራለች። ሥራ ስለሚበዛብዎ ምክንያቱን ላስታውስዎ።

፩. የድርጅት መረጃ በየዓመቱ መታደስ ስላለበት፣ ቀኑ ሳይደርስ ቅጹን ሞልቼ፣ የተለወጠ ነገር ስላልነበረ «ለውጥ የለም» ብዬ አስገባሁ። «የተለወጠው ነገር ይገለጽ» የሚለው ሣጥን በዚህ ዓይነት መልስ አይሞላም ተብሎ ተመለሰልኝ። እውነት መናገሬን ስላረማችሁልኝ አመሰግናለሁ።

፪. መስኮት ቁጥር አራት ያለችው ሠራተኛዎ አዝናልኝ «እቴ፣ የሆነ ነገር ለውጪና ተገላገዪ» ስትል መከረችኝ። ወንድሜን መለወጥ አልችል፣ መኪናዋን አልችል፤ ስለዚህ ከፀጉር አስተካካዩ ጎን የነበረችውን ቢሯችንን ወደ ሳሎኔ አዛወርኩ። ጠረጴዛውን እኔና ወንድም ጋሼ ተሸክመን ደረጃ ስንወጣ ወገቤን ያመመኝ እስካሁን አልለቀቀኝም።

፫. አዲሱን አድራሻ በደስታ መዘገባችሁ። ቀጥላችሁም አድራሻውን ለማረጋገጥ በአሥር ቀን ውስጥ እንድንቀርብ፣ ካልቀረብን እንደምንታገድ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ላካችሁ፤ የላካችሁት ግን ወደ አሮጌው አድራሻ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ከፎጣዎቹ ሥር አኑሮ ረሳው። ወንድም ጋሼ መታገዱን የሰማው የተማሪ ዴስክ ጭኖ ኬላ ላይ ነው። አንድ ቀን ተከሶ የማያውቅ ሰው ተሰልፎ በሚያየው መንገደኛ ፊት ቁልፉን ተቀማ፤ የመለሱለትም መኪናዋን በቀጥታ ቤት አድርሶ ከበራችን እንዳያንቀሳቅሳት አስፈርመው ነው። በጨዋ ቃል ልጨርስ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ አልቻልኩም፣ ክቡርነትዎ፤ አንጀቴ አርሯል።

፬. እገዳው እንዲነሳ መኪናዋ ግቢያችሁ ድረስ ተነድታ ትመርመር ተባልን። የታገደች መኪና መንዳት ደግሞ ያስቀጣል። በምን ትምጣላችሁ?

የዴስክ ፋብሪካው የሚጠብቀን እስከ ሰኞ ብቻ ነው። ያን ሥራ ካጣን መኪናዋን ይዘን መቆየት አንችልም። ወንድም ጋሼ በየማለዳው ወጥቶ መስታወቷን ይወለውላል፣ ሞተሯን አስነስቶ ጥቂት ያዳምጣል፣ አጥፍቶ ይገባል። እባክዎ ከሰኞ በፊት አንድ ፊርማ።

ተራ ቁጥሯን ጨብጣ፣ ከቢሮዎ በር ፊት ካለው እግሩ ከተሰበረው አግዳሚ ላይ ሚዛኗን ጠብቃ የምትጠባበቅ፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ፀሐፊና ጽዳት

ድኅረ ጽሑፍ፦ መዝገብ ቤታችሁ የታገደ ድርጅት ማኅተም አያገለግልም ብሎ ይህን ደብዳቤ ስላልተቀበለኝ ሰኞ አለፈ፤ በአደባባይ ያወጣሁትም ለዚሁ ነው። መኪናዋን ሸጥናት። ወንድም ጋሼ ለገዢዋ ተቀጥሮ እሷኑ ይነዳል። ለውጥ ሲኖር ወዲያው ማሳወቅ ግዴታ በመሆኑ ቅጹን በሦስት ኮፒ አያይዣለሁ። ሣጥኑ ውስጥ የጻፍኩት፦ የተሽከርካሪ ብዛት፣ ከአንድ ወደ ዜሮ። ይህኛውን እንኳ እንደማትመልሱብኝ ተስፋ አለኝ።