በእናቴ ጓሮ ለቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የመታሰቢያዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በአንድ ቀን ያን ሁሉ ሪባን የቆረጠው ቀኝ እጅዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ ሰፈሩ እትዬ መርፌ እያለ ይጠራት የነበረችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬም ያው መርፌ ነው። እናቴ በሞተች በሦስተኛው ዓመት፣ የአብዮቱ ጦርነት ጀግና ናት ብላችሁ በጓሮዋ የመታሰቢያ ድንጋይ ስላቆማችሁላት ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወድጃለሁ። በአካል ላቀርብ ብመላለስም ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው ስትለኝ ጫማዬ አለቀ።

አንደኛ፣ ስለ ጽሑፉ እግዜር ይስጥልኝ። ድንጋዩ ላይ «ለታጋዮች የደንብ ልብስ ስትሰፋ የኖረች» ተብሎ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። እናቴ በዕድሜዋ አንድም የደንብ ልብስ አልሰፋችም። ታሪኳን ያጠናው ባለሙያዎ ልብስ ሰፊ ነበረች ሲሉት የቀረውን ከኪሱ ጨመረበት። እሷ የሰፋችው ከፈን ነው። በዚያ ዘመን የተገደለን ታጋይ መቅበር ክልክል ነበር፤ ሬሳው መቀጣጫ እንዲሆን መንገድ ዳር ይሰጣና ከቆሻሻ ጋር ይጫናል። እናቴ ግን ብጥስጣሽ ጨርቅ በምትሰበስብበት ጋሪ ደብቃ እያመጣች፣ የመስኮታችንን መጋረጃ እየቀደደች እየገነዘች ጓሮዋ ቀበረቻቸው። ሰባት ናቸው። አምስተኛው ታላቅ ወንድሜ ነው። የራሷን ልጅ ስትገንዝ ጨርቁን የያዝኩላት እኔ ነኝ፤ ጎረቤት ይሰማል ብላ እሷም አላለቀሰች፣ እኔንም አላስለቀሰችኝ።

ሁለተኛ፣ ድንጋዩ ላይ በተቀረጸው ምስሏ ስላስታጠቃችኋት ጠመንጃ አመሰግናለሁ። ርችት ሲተኮስ አልጋ ሥር የምትገባ ሴት ነበረች፤ ጎረቤቶቿ አይተው ወይ ጉድ ብለዋል።

ሦስተኛ፣ ስለ ጡቦቹ። እናቴ በየአንዳንዳቸው ራስጌ አንድ ጡብ በጎኑ ተክላ፣ መደቡ ላይ ሽንኩርት ዘርታበት ነበር፤ ወታደር ሲመጣ አትክልት ይመስለዋል። ወታደሩስ የነገረው ስለሌለ ተታለለ። እናንተ ግን ተነግሯችኋል። ባለሙያዎ ሜትሩን ይዞ የመጣ ዕለት፣ እዚህ ሰው አለ፣ ወንድሜም አለ፣ ድንጋዩን በበሩ በኩል አቁሙት ብዬ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። እሱም በትሕትና አንስቶኝ፣ ይህ በጥናቱ አልተካተተም አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ የጀግና ቤተሰብ ተብዬ ወደ አዳራሻችሁ ተጠራሁ። ከፊት ወንበር አስቀመጣችሁኝ፤ እርስዎም በእጅዎ አበባ አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ለእኔ እዚያ ሲጨበጨብልኝ ዶዘሩ ጓሮዬ ገብቶ ነበር። ስመለስ መሠረቱ ተቆፍሮ አፈሩ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ሄዷል። ጡቦቹ ግን አልባከኑም፤ ግንበኛው አጣጥቦ ለድንጋዩ መቆሚያ ደርድሯቸዋል። የቀን ሠራተኞቹን አለቃ አንገቱን አንቄ ብይዘው አጥንት ማየቱን አልካደም፤ እኔ ምን ላድርግ እህቴ፣ የታዘዝኩትን ነው፣ የውሻ መስሎኝ ነው አለኝ። እስቲ ክቡር ሆይ፣ በመጋረጃ የተገነዘ ውሻ የት አይተው ያውቃሉ?

ሬሳ ከቆሻሻ ጋር የሚጭኑትን ሰዎች እናቴ ሰባት ጊዜ ቀድማቸዋለች። እናንተ ሰባቱንም በአንድ ቀን ጫናችኋቸው፣ ለዚያውም በስሟ። ከሞተች ወዲህ በመሞቷ የተደሰትኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ድንጋዩ ይነሳ አልልም። ጠመንጃዋም እጇ ላይ ይቆይ፣ ወርቃማው ጽሑፍም አይነካ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፈሩ የት እንደተደፋ ይነገረኝ። ወንድሜን በእጄ ለቅሜ፣ የቀሩትንም አብሬ እቀብራቸዋለሁ፤ መጋረጃ አላጣም። ለቀብሩ ግን ክቡር እንግዳም፣ አበባም፣ ጭብጨባም እንዳይላክልኝ አደራ።

ያጠለቁላት አበባ ሳይጠወልግ ወንድሟን ያጣች፣
ለክቡርነትዎ መሬት እስክትነካ እጅ የምትነሳ፣
የእትዬ መርፌ ሴት ልጅ

የተረሳ ነገር፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው የገልባጩ ሾፌር እንቅልፍ ነስቶት ቤቴ ድረስ መጣ። አፈሩን የደፋው ከጽሕፈት ቤትዎ ጀርባ ያለውን ረግረግ ለመሙላት ነው፤ አሁን አስፋልት ተነጥፎበት የእርስዎ መኪና ይቆምበታል አለኝ። ስለዚህ መልስ ለመጻፍ አይድከሙ። ነገ ጠዋት ዶማ ይዤ እመጣለሁና፣ መኪናዎን ከወንድሜ ላይ ያንሱልኝ።