በፍራሹ ውስጥ የሰፋሁት እንግሊዛዊ

ተሰማዬ፣ መጽሐፍህን የደበቅሁት እኔ ነኝ። ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት ገባ፤ ከዚህ በላይ ይዤው መኖር አልቻልኩም።

አቃቂ እንደተውካት ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ዛሬም በፈረቃው ሰዓት ይጮኻል፣ ባቡሩም እንደ ልማዱ ዘግይቶ ያልፋል። እኛ ቤት ግን መብራት ገብቷል። አምፖሉ ሥር በተቀመጥኩ ቁጥር፣ በኩራዝ እያነበብክ ዓይንህን ስታሽ ትታየኛለህ።

የእንግሊዝኛው መጽሐፍ እንዴት እጅህ እንደገባ ታስታውሳለህ? ሸረፋ ለሱቁ መጠቅለያ በኪሎ ከገዛቸው አሮጌ ወረቀቶች መሐል ነበር። ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስኳር ይዘው ስለሄዱ የጸሐፊውን ስም ሳናውቅ ቀረን። በሱቁ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ስታነብ፣ ሸረፋ "ይህን ፈረንጅ አንድ ቀን ጨው ካልጠቀለልኩበት ሸረፋ አይደለሁም!" እያለ ያበሽቅህ ነበር። አንተ ትስቃለህ። እኔ ግን አልስቅም ነበር። ከፈትል ክፍሉ ጥጥ እንደለበስክ ትመጣና ፊትህን ሳትታጠብ ገጹን ትገልጣለህ። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀምኩት ወሬ አፌ ላይ ይቀራል።

ለአንድ ሳምንት ብቻ ብዬ ነው። በፋብሪካው የጥጥ ውዳቂ የሞላነውን ፍራሽ ተርትሬ፣ መጽሐፉን ከትቼ መልሼ ሰፋሁት። አንተ ሸረፋ ሱቅ ረስተኸው የመጣህ መሰለህ። በሦስተኛው ቀን ሄደህ ሸረፋን በሰው ፊት ሌባ አልከው። ከዚያ በኋላ ማውጣት ፈራሁ። ሁለት ዓመት ሰላምታ ነሣኸው፤ ሁለት ዓመት መጽሐፉ ላይ ተኛህ። ሸረፋ ግን ለቅሶህ ላይ መጥቶ ከድንኳኑ ጠርዝ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ከአርባህ በኋላ ስፌቱን ፈታሁ። የእንግሊዝኛውን ፊደል ድሮ በፋብሪካው የጥጥ ጆንያዎች ላይ ለይቼው ነበር፤ የቀረውን በመዝገበ ቃላት አንድ በአንድ ለቀምኩት።

ለካ ጸሐፊው ስለ ትልልቅ ነገር አይጽፍም። ዝናብ ይዞት፣ በማያውቀው ሰው ጣሪያ ሥር ስለቆመበት አንድ ከሰዓት አሥር ገጽ ጽፏል። ከውስጥ የሳህን ድምፅና የሕፃን ሳል ሲያዳምጥ ይቆይና፣ ዝናቡ ሲያባራ መሄድ ይከብደዋል። ስለ አሮጌ ካፖርቱ ይጽፋል፣ ስለ ጥርስ ሕመሙ ይጽፋል፤ በራሱ እንጂ በሰው አይስቅም። የሰፈራችንን ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ብጠይቀው ሰምቶት አያውቅም። በአገሩም የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም፤ ይህ ይቆጨኛል። አንተን ከእኔ የወሰደብኝ ይመስለኝ ነበር። ከዝናቡ ድርሰት ጎን ግን በእርሳስ ስሜን ጠቅሰህ "ለአስካለ ይነበብላት" ብለህ ጽፈህ አገኘሁ።

ሦስት ድርሰቶቹን ወደ አማርኛ መለስኩ። አንተን በምኖርበት ዘመን ሁሉ አስብሃለሁ፣ ጥፋቴንም ሳልቀንስ። ሸረፋ ግን በሕይወት አለ፤ ሰፈሩም ያንን ስድብ አልረሳለትም። ነገ ጠዋት ሱቁ ሰው ሲሞላ እሄዳለሁ። ድርሰቶቹን፣ ከላያቸውም ይህን ደብዳቤ፣ ሰው ሁሉ እያየ የምሰጠው ለሸረፋ ነው።