ጎማው ደህና ነው ብዬ ፈረምኩ

ይድረስ ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ ለየሺመቤት፣ ደብረ ታቦር።

እትዬ፣ እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ጋሽ ገብረእዝጊስ እንዴት ናቸው? ሀይሚስ ፈተናዋን ጨረሰች? አክስታችንስ እህል መቅመስ ጀመሩ? እኛ፣ ቤዛዊትም ልጆቹም፣ በአካል ደህና ነን። ዛሬ ቅበላ ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ሥጋ ይዞ ሽር ጉድ ይላል፤ እኔ ግን ይህን ልጽፍልሽ በሬን ዘግቼ ተቀምጫለሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፅሽን ስሰማ መዋሸቴ ስለማይቀር ነው። ሁለት ወር ሙሉ ዋሽቻለሁ። የአክስታችን ልጅ የገረመው አሟሟት እንደሰማችሁት አይደለም።

የሞተበት ውድድር መኪና ወዳዶች ተሰባስበው፣ ገና ለትራፊክ ባልተከፈተ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አንድ በአንድ እየነዱ፣ ማን የበለጠ እንደሚፈጥን በመሣሪያ የሚለኩበት ነው። ገረመው ለዚያ ቀን ብሎ ያቺን ቀይ የጃፓን መኪና ኢምፔሪያል ካለው ጋራዣችን ጓሮ ሦስት ዓመት ሲፈታትና ሲገጥማት ኖረ። ሚስት ያላገባው እሷን ብሎ ነው እያልን እንስቅበት ነበር።

መኪኖቹን ከመነሳታቸው በፊት የሚፈትሽ ሰው ሲፈልጉ፣ የጸጋአብ ዓይን አይስትም ብለው እኔን መረጡ። ኮራሁ፣ አልደብቅሽም። የገረመው ተራ ሲደርስ ጎማዎቹ ቀለም ተቀብተው ያብረቀርቃሉ። ጎንበስ ብዬ የተሠሩበትን ዘመን በውስጥ በኩል ሳነብ ግን አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷቸዋል። ደንቡ ከስድስት ዓመት በላይ አይፈቅድም። የኋላው ቀኝ ጎማ ደግሞ ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረው። ቀና ስል ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቁልፍ አያያዝ ያስተማርኩህ እኔ፣ ዛሬ ልትጥለኝ ነው?» ብሎ ሳቀ።

እትዬ፣ አንቺ የጋራዥን ወግ አታውቂውም። ያስተማረህ ሰው ያጠበቀውን ብሎን ደግመህ አትሞክርም፤ ነውር ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ከደብረ ታቦር አምጥቶ ያበላኝን፣ ሙያ የሰጠኝን ሰው በጓደኞቹ ፊት እንዴት ከመስመር ላውጣው? ይሉኝታ ያዘኝ። ወረቀቱ ላይ «ጎማ፦ ደህና» ብዬ ፈረምኩ።

መሣሪያው በሰዓት ሁለት መቶ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ሲያሳይ ሰው በጭብጨባ አቀለጠው። ወዲያው ጎማው ፈነዳ። የቀረውን አልጽፍልሽም። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ እጁን ያዝኩት፣ እሱ ግን አልጨበጠኝም።

ጎማው ተበጣጥሶ ስለነበር ለምርመራው የቀረው የእኔ ፊርማና ቃል ብቻ ነው። ሲጠይቁኝ ደህና ነበር አልኩ። ስለዚህ ጥፋቱ የሟች ሆነ። እዚህ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አብረውት ይቀመጡ የነበሩት ሳይቀሩ ጠጥቶ ነበር ይላሉ፤ ጠላ እንኳ የማይቀምሰውን ሰው! አዎን፣ ጎማውን የገጠመው እሱ ነው፤ ይህን አልክድም። እኔ ግን እዚያ የቆምኩት ያንኑ አይቼ ላስቀረው ነበር።

ቤዛዊት የሞተ አይመለስ፣ ልጆችህን አስብ ትለኛለች። ልታሰር እንደምችል አውቃለሁ፤ እፈራለሁም። ነገር ግን አክስታችን ባለፈው ጃኬቱን ልከውልኝ፣ ልጄን እስከ መጨረሻው ያልተለየው አንተ ነህ፣ ልበሰው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ነገ ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ እውነተኛውን ቃሌን እሰጣለሁ። ደብዳቤው ሲደርስሽ ነገሩ ያለቀ ስለሚሆን አትከልክይኝ።

ጋሽ ገብረእዝጊን እጅ ነሥቷል በይልኝ። ሀይሚን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ በርትታ ትማር። ለአክስታችን ለወለተማርያም ሰላምታ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። አንቺው ይህን ደብዳቤ ከጎናቸው ቁጭ ብለሽ አንብቢላቸው። አዝነሽልኝ የፈረምኩበትን ቦታ እንዳትዘልይው።

ታናሽ ወንድምሽ ጸጋአብ
አዲስ አበባ፣ ቦሌ ቡልቡላ
እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.