«ዝም ካለች ድናለች» ላሉት ኮማንደር

ለተከበሩ ኮማንደር ሃብተ ጊዮርጊስ
የአስታ ሜዳ ማረሚያ ቤት ኃላፊ
ደባርቅ አጠገብ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎን እመኛለሁ፤ ይልቁንም የአእምሮዎን። እርስዎ በሚያስተዳድሩት ግቢ ውስጥ አእምሮው የታመመ ሰው ምን እንደሚገጥመው አይቼ የወጣሁ ሴት ነኝና ለጠላቴም አልመኘውም። ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ካፖርትዎ ወፍራም ስለሆነ ብዙም አልሰጋ። እኔ ፍርዴን ጨርሼ ዳባት እናቴ ቤት ገብቻለሁ። ታርሜአለሁ፤ የታረምሁ በመሆኔም እነሆ በጨዋ ቋንቋ እጽፍልዎታለሁ። ጉዳዬ አብራኝ ታስራ ስለነበረችው ስለ ዘቢደር ነው፤ በድንበር ጠብ የባሏን ወንድም በዱላ ፈንክታ የተፈረደባት፣ አሁንም እጅዎ ላይ ያለችው የገጠር ሴት።

አንደኛ፤ መርዶን ስላቀለሉልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። በእኛ አገር ልጅ የሞተባትን እናት የሚያረዷት ካህንና ሽማግሌ ተሰብስበው፣ ማታውን እህል አቅምሰዋት፣ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ራሷን እንዳትጎዳም ጎረቤት ሴቶች ግራና ቀኝ ይይዟታል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል። የእርስዎ ዘብ ግን በጠዋት ቆጠራ ላይ ስም እየጠራ፣ «ዘቢደር! አቤት በይ እንጂ! ልጅሽ ኤልሳቤጥ አዲ አርቃይ አክስቷ ቤት በወባ ሞታለች ተብሏል። ቀጥሎ፣ የትናየት!» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ገላገላት። የትናየት እኔ ነኝ፤ «አቤት» አልሁ። ምን ልበል? ቆጠራ ነው።

ሁለተኛ፤ ያኔ ገና ያልታረምን ስለነበርን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ዘቢደርን መካከል አስቀምጠን ለቅሶ ተቀመጥን። በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የሆኑት እስረኛ እሜቴ ዓለምዬ ሙሾ አወረዱ፤ እኛም ደረታችንን መታን። ዘቢደር አለቀሰች፤ ልጇን በስሟ እየጠራች አለቀሰች፤ ሲደክማት ጉልበቴ ላይ ተደግፋ ውኃ ጠጣች። እርስዎ ግን ከቢሮዎ ብቅ ብለው፣ «እብደት ተዛመተ! ለዩዋቸው!» አሉ። በእናትዎ ለቅሶ ላይ ማን ማንን ለይተው እንዳሰሩ ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም። ዘቢደርም እኛ ጨለማ ቤት በምንለው፣ እርስዎ «የዕረፍት ክፍል» በሚሉት ቤት ብቻዋን ዐረፈች።

ሦስተኛ፤ ስትገባ እየጮኸች የነበረችው ሴት ስትወጣ ቃል የላትም፤ ስሟ ሲጠራ ዞር አትልም፤ ፀጉሯን አንድ በአንድ ትነቅላለች። የክሊኒካችን ጤና መኮንን አቶ ሰይፈ ሥላሴ፣ «ኮማንደር፣ ታማለች፤ ጎንደር ትወሰድና የአእምሮ ሐኪም ይያት» ቢልዎ፣ «ምኗ ታመመ? ዝም ብላለች እኮ! ዝም ካለች ድናለች» ብለው ፈወሷት። ድንቅ ሕክምና ነው! በዚህ መለኪያ የሊማሊሞ ቋጥኝ ሁሉ ሙሉ ጤነኛ ነው። ኤልሳቤጥማ ከእናቷ ቀድማ ድናለች ማለት ነው።

አራተኛውን ልተወው ብዬ ነበር፤ ጨዋነትዎን አስቤ ጻፍሁት። ማረሚያ ቤቱን ሊጎበኙ ከሩቅ እንግዶች በመጡ ዕለት ዘቢደርን አዲስ ነጠላ አልብሰው ከፊት መደዳ አስቀመጧት፤ «ይህች እንኳ በጣም ትረብሽ የነበረች ናት» ብለውም አሳዩዋት። እንግዶቹ «እንዴት ያለች ጭምት ናት!» ብለው አጨበጨቡ። እሷ ጋቢ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ ነበር። አንዲት እንግዳ የእጅ ሥራዋ መስሏት፣ «ይሸጣል እንዴ?» ብላ ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ ዘቢደር ነከሰቻት። በዚያው ዕለት ወደ ዕረፍቷ መለሷት። መቼም ከእርስዎ ጋር ሆኖ ዕረፍት የሚያጣ የለም።

የምለምንዎ ጥቂት ነው። መኪናና ዘብ ይመድቡላትና ጎንደር ሐኪም ዘንድ ትቅረብ። መድኃኒት ከታዘዘላት በሰዓቱ የሚያስውጣት ሰው ይኑራት። ስትመለስም ብቻዋን አይዝጉባት፤ እሜቴ ዓለምዬ አጠገብ ትተኛ። ማልቀስ ካማራትም ታልቅስ፤ ለቅሶው ካወከዎ መስኮትዎ መዝጊያ አለው።

ዳባት ላይ ሆኜ፣ ዝም ማለትን ሳይሆን መጻፍን ተምሬ ከእጅዎ የወጣሁ፣ ውለታዎን ዕድሜ ልኬን የማልረሳው፣

የትናየት ያርጋል

ማስታወሻ፦ እሑድ ልጠይቃት መጥቼ ነበር። ዘቢደር እህል መቅመስ አቁማለች። ይህን ሲሰሙ «ጾመኛም ሆነችልን» ብለው እንዳይደሰቱ ልንገርዎ፤ ያለነው በዓለ ሃምሳ ላይ ነው፤ በበዓለ ሃምሳ መነኩሴም አይጾም።